በአንድ ቀን ሁለት ዋና ከተሞች

ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የአይሮፕላን ጣቢያን፥ ሆቴልንና የስብሰባ አዳራሽን ነው። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ወዳጆቹ ከበው «እስቲ ያየኸውን አጫውተን» ቢሉት፥ ስለ አዳራሹ ስፋትና ስለ ሆቴሉ ቁርስ ከመናገር በቀር ሌላ የሚነግራቸው ነገር አያገኝም። ምክንያቱን ሲጠየቅም «ጊዜና ገንዘብ አጠረኝ» ይላል። ጊዜ ማጠሩ እውነት ነው፤ የውሎ አበሉም በአውሮፓ ዋጋ ሲመዘን ብዙ አይደለም። ነገር ግን አንዲት የዕረፍት ቀንና መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው፥ አስቦ ከተነሣ፥ ማለዳ ካንዱ መንግሥት ዋና ከተማ ወጥቶ፥ ምሳውን በሌላው መንግሥት ዋና ከተማ በልቶ፥ ሲመሽ ወደ ማደሪያው ሊመለስ የሚችልበት ስፍራ አለ። ይህም ስፍራ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ነው።

ቪየናን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅትም ከ1960ዎቹ ጀምሮ መቀመጫቸው በዚሁ ከተማ ስለሆነ፥ ከአፍሪካ ለስብሰባና ለትምህርት ወደዚያ የሚሄዱት ሹማምንትና ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከቪየና ተነሥቶ እስከ ስሎቫኪያ ዋና ከተማ እስከ ብራቲስላቫ ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ከሚያስኬደው መንገድ ያጠረ ነው። በእኛ ክፍለ ዓለም በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩት ኪንሻሳና ብራዛቪል ከእነዚህ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ቢሆንም ሁለት የመንግሥት ዋና ከተሞች እንዲህ ተጠጋግተው የሚገኙበት ስፍራ በዓለም ላይ እምብዛም የለም።

እኔም ባለፈው ጊዜ ለስብሰባ ወደ ቪየና ተልኬ ሳለሁ፥ እሑድ ዕለት ሥራ ስላልነበረኝ፥ በዚያው ከተማ ነዋሪ የሆነው የአክስቴ ልጅ ከባለቤቱና ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ጋር ሆኖ ብራቲስላቫን ሊያሳየኝ ወሰነ። የጉዞውን ነገር በዝርዝር የምጽፈው፥ ሌላውም ሰው ተራው በደረሰ ጊዜ እንዲጠቀምበት ብዬ ነው።

መንገዱና ወጪው

ወደ ብራቲስላቫ የሚወስዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ምድር ባቡር ነው። ከቪየና ዋናው ባቡር ጣቢያ በየሰዓቱ ባቡር ይነሣል፤ ጉዞውም አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአንድ ቀን የሚያገለግለው የደርሶ መልስ ቲኬት ዋጋ በቅርብ ዓመታት 20 ዩሮ ገደማ ነበር። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በዚያውም ላይ ቲኬቱ የብራቲስላቫን የከተማ አውቶቡስና ትራም የሚጨምር መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ አይከፋም። ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በኦስትሪያ ባቡር ያለ ክፍያ ይሳፈራሉ።

ሁለተኛው አውቶቡስ ነው፤ እርሱም አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቲኬቱ ቀደም ብሎ ከተገዛ ብዙ ጊዜ ከባቡር ይረክሳል። ሦስተኛው ከጸደይ እስከ መጸው በዳኑብ ወንዝ ላይ የሚመላለሰው ፈጣን መርከብ ነው። ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ በ75 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ጉዞ ነው፤ ዋጋው ግን ከባቡሩ እጅግ ስለሚበልጥ ገንዘቡን ለሚቈጥብ ሰው አይመከርም። እኛ የሄድነው በባቡር ነው። የአክስቴ ልጅ ባለቤት ዳቦ፥ የተቀቀለ እንቍላልና ውሃ ሰንቃ ነበርና ለምግብ ያወጣነው ወጪ ትንሽ ሆነ።

የቪዛውም ነገር መታወቅ አለበት። ኦስትሪያና ስሎቫኪያ፥ እንዲሁም ሀንጋሪና ቼክ፥ ሸንገን በተባለው ስምምነት የተሳሰሩ አገሮች ስለሆኑ፥ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ የሸንገን ቪዛ የያዘ መንገደኛ በነዚህ አገሮች መካከል ቢመላለስ ቪዛው አይቃጠልበትም። ከስምምነቱ ውጭ ወደ ሆነ አገር፥ ለምሳሌ ወደ ብሪታንያ ወይም ወደ ሰርቢያ፥ አንድ ጊዜ ከወጣ ግን በዚያው ቪዛ ሊመለስ አይችልም። ድንበሩ ክፍት ነው ማለትም ፓስፖርት አያስፈልግም ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት መንግሥታቱ በየጊዜው ጊዜያዊ ቍጥጥር ሲያደርጉ ታይተዋል። ይህን ትእዛዝ ባለመጠበቄ የደረሰብኝን ኋላ እናገራለሁ።

የልጁ ጥያቄ

ከጧቱ 2 ሰዓት በባቡር ተሳፈርን። ከቪየና ወጥተን ጥቂት እንደሄድን እስከ አድማስ የተዘረጋ የእርሻ ሜዳ ተቀበለን፤ በሜዳውም ላይ በነፋስ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ረዣዥም ምሰሶዎች ቆመው ክንፋቸው ይዞራል። ልጁ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሲመለከት ቈየና ወደ እኔ ዘወር ብሎ፤

«አጎቴ፥ ድንበሩ የት ነው?» አለኝ።

«ቈይ፥ ስንደርስ አሳይሃለሁ» አልሁት።

ማርሄግ ከተባለችው ከመጨረሻይቱ የኦስትሪያ ጣቢያ አልፈን አንድ ድልድይ ተሻገርን። ከበታቹ ዛፎች የከበቡት፥ ረጋ ብሎ የሚፈስ መለስተኛ ወንዝ ነበር። ስሙ ሞራቫ ይባላል። ባቡሩ ድልድዩን አልፎ ለመሄድ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ወሰደበት። ወታደር አልነበረም፤ አጥር አልነበረም፤ ባንዲራም በዓይኔ አልገባም። ለልጁ «ድንበሩ ይህ ነው» ልለው አፌን ስከፍት ባቡሩ ስሎቫኪያ ገብቶ ነበር። ልጁም ቃሌን እንዳልጠበቅሁ ቈጥሮ ዝም አለ።

ከተማይቱ

ብራቲስላቫ ይህን ስም በይፋ የያዘችው በ1919 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጀርመኖች ፕረስቡርግ፥ ሀንጋሪዎች ፖዦኒ፥ ስሎቫኮችም ፕረሽፖሮክ ይሏት ነበር። በአንዲት ከተማ ሦስት ሕዝቦች በሦስት ቋንቋ ሲነጋገሩ ኖረዋልና ነው። በ1914 ዓ.ም. ከቪየና እስከዚህች ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ተከፍቶ ስለ ነበር፥ የዚያን ዘመን ሰው ለገበያም ለቴአትርም ደርሶ ይመለስ ነበር። እንግዲህ የአንድ ቀን ጉዞ በዚህ መንገድ ላይ አዲስ ነገር አይደለም።

ከባቡር ጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። የጥንቱ ቅጥር በሮች ሁሉ ፈርሰው የቀረው አንዱ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም የሚካኤል በር ይባላል። በእርሱ ሥር አልፈን ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ገባን። በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ በ1809 ዓ.ም. የናፖሌዎን ጦር የተኰሰው የመድፍ ጥይት ተሰክቶ ይታያል። ከዚያው አጠገብ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ፥ ናፖሌዎን በአውስተርሊትዝ ድል ካደረገ በኋላ፥ የፕረስቡርግ የሰላም ውል በታኅሣሥ 1805 ዓ.ም. ተፈርሟል። ልጁን ይበልጥ ያስደሰተው ግን በአንድ የመንገድ ማዕዘን ከመሬት በታች ካለ ጕድጓድ ብቅ ብሎ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከተው የነሐስ ሠራተኛ ሐውልት ነው።

ከኰረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በአራት ማዕዘኑ አራት ግንቦች ስላሉት፥ እግሮቹን ወደ ሰማይ ያነሣ የተገለበጠ ጠረጴዛ ይመስላል ይባላል። በ1811 ዓ.ም. ተቃጥሎ ከመቶ ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንደገና ተሠርቷል።

ማርትሬዛ ብር የተነሣበት ታሪክ

ከሁሉ ይልቅ የእኛን አገር ሰው ልብ የሚነካው የቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ነው። ቱርኮች ቡዳን ከያዙ በኋላ የሀንጋሪ መንግሥት መቀመጫውን ወደዚህች ከተማ ስላዛወረ፥ ከ1563 እስከ 1830 ዓ.ም. ድረስ የሀንጋሪ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነበር። 10 ነገሥታት፥ አንዲት በራሷ ሥልጣን የነገሠች ንግሥትና 8 የነገሥታት ሚስቶች በዚህ ዘውድ ጭነዋል። ስለዚህም 85 ሜትር ቁመት ባለው ግንቡ ጫፍ ላይ በመስቀል ፈንታ በወርቅ የተለበጠ ዘውድ ተቀምጦበታል።

ያችም በራሷ ሥልጣን የነገሠችው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የነገሠችበትም ቀን ሰኔ 25 ቀን 1741 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን ጥሎሽ የቈጠሩባት፥ ጨው፥ ቡናና በቅሎ የገዙባት፥ አንጥረኞችም አቅልጠው መስቀልና ድሪ የሠሩባት ማርትሬዛ ብር መልኳን የያዘችው ከዚህች ሴት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ዓ.ም. ከሞተች በኋላ እንኳ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። በብሩ ላይ ከመልኳ ዙሪያ በላቲን ፊደል ከተቀረጹት አሕጽሮተ ቃላት አንዱ የሀንጋሪ ንግሥት መሆኗን የሚያመለክት ነው። ይህንንም ማዕርግ የተቀበለችው እኛ በቆምንበት ቤተ ክርስቲያን ነው።

የአክስቴ ልጅ ባለቤት ከአያቷ የወረሰችውን አንድ ማርትሬዛ ብር በቪየና ቤቷ በመሶብ ውስጥ ታኖረዋለች። ይህን ነገር በነገርኋት ጊዜ ጥቂት አሰብ አደረገችና፤ «እንግዲያስ እኔ ወደ ሰው አገር ስመጣ፥ እርሷ ወደ አገሯ ተመልሳለች» አለች።

የነጻነት በር

ቀትር ላይ በአንድ መናፈሻ ተቀምጠን ስንቃችንን በላን። የአገሩን ምግብ ለመቅመስ የሚፈልግ ሰው ከድንችና ከዱቄት ተሠርቶ የበግ አይብ የሚደረግበትን «ሃሉሽኪ» ያዛል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የዓሣማ ሥጋ ስለሚጨመርበት፥ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ለአስተናጋጁ ሊነግር ይገባዋል። «ዶብሪ ዴን» ብሎ ሰላምታ የሰጠና «ጃኩየም» ብሎ ያመሰገነ እንግዳ ፊቱ የሚፈታለት ሰው አያጣም። የሰው አገር ቋንቋ ሁለት ቃል እንኳ ቢሆን በር ይከፍታል።

ከዚያ በኋላ በዳኑብ ላይ ወደ ተሠራው ትልቅ ድልድይ ወረድን። በ1972 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፥ በምሰሶው ጫፍ ላይ ከሰማይ የወረደ ሳሕን የመሰለ ምግብ ቤት አለበት። ድልድዩ ሲሠራ የጥንቱ የአይሁድ ሰፈር የሚበልጠው ክፍል እንዲፈርስ መደረጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከድልድዩ ሥር በከተማው አውቶቡስ ተሳፍረን፥ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ዴቪን ደረስን።

ዴቪን ሞራቫ ከዳኑብ ጋር በሚገናኝበት ገደል ላይ የተሠራ ጥንታዊ ምሽግ ነው፤ የናፖሌዎን ወታደሮች በ1809 ዓ.ም. በባሩድ አፍርሰውታል። ከታች ጠዋት በባቡር የተሻገርነው ያው ወንዝ ይፈሳል። ማዶው ኦስትሪያ ነው፤ ዛፎቹ ይቈጠራሉ። በወንዙ ዳር በር የመሰለ ሐውልት ቆሟል፤ በጥይት እንደ ተበሳሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ስሙም «የነጻነት በር» ይባላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቼኮስሎቫኪያ በኮሙኒስቶች አገዛዝ ሥር በሆነች ጊዜ፥ ይህ ወንዝ «የብረት መጋረጃ» የተባለው ድንበር አንዱ ክፍል ሆነ። በወንዙ ዳር ሽቦ ታጠረ፤ በ1950ዎቹ ውስጥ በሽቦው ላይ ሰው የሚገድል የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቀቅበት ነበር። ያለ ፈቃድ ሊሻገር የሞከረ ይተኰስበታል። ሐውልቱ ከቼኮስሎቫኪያ ወደ ምዕራብ ሊሻገሩ ሲሞክሩ በድንበሩ ላይ ሕይወታቸውን ላጡ ቢያንስ 400 ሰዎች መታሰቢያ ነው። የብራቲስላቫ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሆኖ ኦስትሪያን ያይ ነበር፤ ሊሄድባት ግን አይችልም ነበር።

በኅዳር 1989 ዓ.ም. አገዛዙ ተናወጠ። በታኅሣሥ 10 ቀን በዚያው ዓመት ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከብራቲስላቫ ተነሥቶ፥ በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ ሀይንቡርግ እስከምትባለው የኦስትሪያ ከተማ ሄደ። አብዛኞቹም በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓይናቸው እያየ ሲመኙት የኖሩትን ማዶ ረግጦ መመለስ ብቻ ነበር የፈለጉት። እንግዲህ በዚህ ድንበር ላይ ከተደረጉት የአንድ ቀን ጉዞዎች ሁሉ ታላቁ ይህ ነው፤ ቲኬትም አልተገዛበትም።

ስሎቫኪያ በ1993 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች፤ በ2004 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች፤ በታኅሣሥ 21 ቀን 2007 ዓ.ም. የድንበሩ ቍጥጥር ተነሣ፤ ከ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም በዩሮ ትገበያያለች። ዛሬ በብራቲስላቫ የቤት ዋጋ ስለ ተወደደባቸው ብዙ ቤተሰቦች በኦስትሪያ መንደሮች ቤት ይዘው፥ በየቀኑ ድንበር ተሻግረው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። የጥንቱ የሞት ድንበር የመንደር መንገድ ሆነ። የሞያሌ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ በእርሱም ከተማ አንዱ ሰፈር በኢትዮጵያ፥ አንዱ ሰፈር በኬንያ ነውና።

ልጁን በሐውልቱ አጠገብ አቁሜ፤ «ጠዋት የጠየቅኸኝ ድንበር ይኸው» አልሁት። ጣቱን በአንደኛው የጥይት ቀዳዳ ውስጥ አግብቶ ማዶውን ሲመለከት ቈየ። ከዚያም፤ «አሁን ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ የሚሆን አጭር መልስ አላገኘሁም።

የረሳሁት ፓስፖርት

በ11 ሰዓት ወደ ቪየና በሚመለሰው ባቡር ተሳፈርን። ማርሄግ ስንደርስ ሁለት ፖሊሶች ገብተው ወረቀት መመልከት ጀመሩ። እጄን ወደ ኪሴ ብሰድድ ፓስፖርቴ የለም፤ ጠዋት ካፖርቴን ስለውጥ በሆቴል ረስቼዋለሁ። ፖሊሶቹ በጨዋነት ከባቡሩ አወረዱኝ። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ጋር ቀረ፤ ባለቤቱና ልጁ ግን ወደ ቪየና ቀጠሉ። እርስዋ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ተነጋግራ የፓስፖርቴን ፎቶግራፍ በስልክ እስክትልክና ፖሊሶቹም አመሳክረው እስኪለቁን ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ጨለማው ሲወርድ የወንዙን አቅጣጫ እየተመለከትሁ፥ ስለ ራሴ አፈርሁ። ከጥቂት ሰዓት በፊት ወረቀት ስለ ተከለከሉ ሰዎች ሞት ሳዝን ነበር። እነርሱ ይህን ወንዝ የሚያሻግር ወረቀት አጥተው ሞቱ፤ እኔ በእጄ ያለውን ወረቀት በልብስ ኪስ ረስቼ ወጣሁ። የእነርሱ ዋጋ ሕይወታቸው ነበር፤ የእኔ ቅጣት ግን አንድ ቀዝቃዛ ወንበርና የዘገየ እራት ብቻ ሆነ።

ለሚሄዱ ሰዎች

ከቪየና በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚቻልባቸው ሌሎች ከተሞችም አሉ። በሀንጋሪ ያለችው ሾፕሮን በባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ናት። በነሐሴ 19 ቀን 1989 ዓ.ም. ከ600 የሚበልጡ የምሥራቅ ጀርመን ሰዎች ወደ ኦስትሪያ ያመለጡት በእርስዋ አቅራቢያ ነው። በቼክ ያለችው ብርኖ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ታስኬዳለች፤ መነኵሴው ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ምርምር አድርጎ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘባት ከተማ ናት። ቡዳፔስት ግን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ስለምትርቅ፥ ማለዳ የማይነሣ ሰው አይሞክራት። በሀንጋሪ ፎሪንት፥ በቼክም ኮሩና እንጂ ዩሮ የአገሩ ገንዘብ አለመሆኑ አይረሳ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ላዳርስ የሚል ሰው ግን «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዳይደርስበት ያስብ። አንዲት ከተማ ይምረጥ፤ ቀድሞ ስለ እርሷ ጥቂት ያንብብ፤ ስንቁን ይያዝ፤ የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ይጻፍ፤ ከቤት ሳይወጣም ኪሱን ይዳስስ።

ይህ ጉዞ በሃያ ዩሮ የሚደረግ ርካሽ ጉዞ ነው ብለናል። ርካሽ የሆነው ግን ባቡሩ ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም። ጎረቤታሞች ለመስማማት በመቻላቸው፥ ከዚያም በፊት ሌሎች ሰዎች ዋጋውን አስቀድመው በመክፈላቸው ነው። ማታ ሆቴሌ ስደርስ ፓስፖርቴ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ወደ ውጭ አገር በሄድሁ ቍጥር፥ ከማደሪያዬ ሳልወጣ በፊት ሁለት ጊዜ ኪሴን እዳስሳለሁ፤ አንድ ጊዜ ለፖሊሱ፥ አንድ ጊዜ ለወንዙ።